ባለቤት የሌለው መጋጠሚያ

ቤትን በቁራጭ በቁራጭ አዘጋጅቶ፣ ንድፉን በነጻ ለቅቆ፣ ማንም እንዲገጣጥመው ማድረግ ብዙ ጊዜ የኢንተርኔት ዘመን ፈጠራ ተደርጎ ይወራል። ስለ ዊኪሃውስ የሰማ አለ፤ ሚዙሪ ላይ ትራክተር በራሳቸው ስለሚሠሩ ሰዎች ቪዲዮ ያየ አለ፤ ስለ ቺሊው ግማሽ ቤት ያነበበም አለ። እነዚህ ሁሉ ግን ወደ 200 ዓመት የሚጠጋ ታሪክ የቅርብ ምዕራፎች ናቸው። ታሪኩ ደጋግሞ የሚመለስበት ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው፦ ሁለቱን ቁራጮች የሚያገናኘው መጋጠሚያ የማን ነው? መጋጠሚያው የሁሉም በሆነበት ቦታ ዘዴው ከጀማሪዎቹ ዕድሜ አልፎ ኖሯል። የአንድ ኩባንያ በሆነበት ቦታ ኩባንያው ሲወድቅ አብሮ ተቀብሯል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቺካጎ፣ 1833፦ አናጺ ያጠራት ከተማ

በ1830ዎቹ መጀመሪያ ቺካጎ በሚሺጋን ሐይቅ ዳር የተቀመጠች፣ ጥቂት መቶ ሰዎች የሚኖሩባት ጭቃማ መንደር ነበረች። ሰው ግን ይጎርፍባት ነበር፤ በ1850 ነዋሪዋ ወደ 30,000 ተጠጋ። ይህ ሁሉ ሕዝብ ጣሪያ ይፈልጋል፣ አናጺ ግን የለም። በዚያ ዘመን የእንጨት ቤት የሚሠራው ወፍራም ግንድ ተጠርቦ፣ ጫፉ ወንዴና ሴቴ ተደርጎ፣ በእንጨት ችንካር ተያይዞ ነበር። ያን መጋጠሚያ አሳምሮ ለመጥረብ የዓመታት ልምድ ያስፈልጋል፤ የተጋጠመውን ግንድ ለማቆምም የአካባቢው ወንድ ሁሉ ተጠርቶ መምጣት ነበረበት።

ሁለት ነገሮች ይህን ለወጡት። የእንጨት መሰንጠቂያዎች ቀጭን ጣውላ በአንድ ዓይነት ልክ ማውጣት ጀመሩ። አንጥረኛ አንድ በአንድ ይቀጠቅጠው የነበረው ምስማርም በማሽን እየተቆረጠ ረከሰ። የቺካጎ ሠሪዎች ሁለቱን አገናኟቸው። ወፍራሙን ምሰሶ ትተው ቀጫጭን ጣውላዎችን አቀራርበው ደረደሩ፤ አንዱ ብዙ ከሚሸከም ብዙዎቹ ጥቂት ጥቂት እንዲሸከሙ አደረጉ። መጋጠሚያው ምስማር ብቻ ሆነ። መዶሻ መያዝ የሚችሉ ሁለት ሰዎች ቤት ማቆም ቻሉ።

ዘዴው "ባሉን ፍሬም" የሚል ስም ወጣለት። ማን እንደጀመረው የታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ይከራከራሉ፤ አንዳንዱ ጆርጅ ስኖውን፣ ሌላው በ1833 የቅድስት ማርያምን ቤተ ክርስቲያን የሠራውን አውጉስቲን ቴይለርን ይጠራል። ክርክሩ ሊኖር የቻለው ዘዴውን የኔ ነው ብሎ ፓተንት ያወጣበትና ክፍያ የጠየቀበት ሰው ስላልነበረ ነው። ከሠሪ ወደ ሠሪ በዓይን እየታየ ተላለፈ፤ የባቡር ሐዲዱን ተከትሎ ምዕራባዊውን አሜሪካ አዳረሰ። በ1871 ታላቁ እሳት ከቺካጎ ሲሶ የሚሆነውን አውድሞ 100,000 ያህል ሰው ያለ ቤት ሲያስቀር እንኳ ዘዴው አልጠፋም። ዛሬ በአሜሪካ የሚሠራው አብዛኛው የቤተሰብ መኖሪያ የዚያ ዘዴ ዝርያ ነው።

1841–1904፦ ብሎንና ዳዶ

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ችግሩ ብረት ላይ ነበር። እያንዳንዱ ወርክሾፕ የብሎኑን ጥርስ በራሱ ልክ ያወጣል፤ ከአንዱ የወጣ ብሎን ለሌላው ዳዶ አይሆንም። ማሽን ሲፈታ የትኛው ዳዶ የየትኛው ብሎን እንደሆነ ምልክት ማድረግ ግድ ነበር። በ1841 ጆሴፍ ዊትዎርዝ የተባለው መሐንዲስ ከብዙ ወርክሾፖች ብሎን ሰብስቦ ለካ፣ አማካዩን ወሰደ፣ የጥርሱን ማዕዘን 55 ዲግሪ አድርጎ ለሙያ ጓደኞቹ አቀረበ። የባቡር ኩባንያዎች ተቀብለውት ተስፋፋ። በ1864 ፊላደልፊያ ላይ ዊሊያም ሴለርስ የ60 ዲግሪ ጥርስን አቀረበ፤ መከራከሪያው ተራ ሠራተኛ በተራ መሣሪያ በትክክል ሊያወጣው ይችላል የሚል ነበር። ዛሬ ከመርካቶ የምንገዛው የሜትሪክ ብሎን ጥርስም 60 ዲግሪ ነው።

በመካከሉ በ1851 ለንደን ክሪስታል ፓላስን አየች። ንድፉን ያወጣው ጆሴፍ ፓክስተን የአትክልት ባለሙያ ነበር። ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው አዳራሽ በ24 ጫማ ልክ በሚደጋገሙ የብረትና የመስታወት ክፍሎች፣ ዓመት ሳይሞላ ተገጥሞ ቆመ። ከትርኢቱ በኋላ ተፈትቶ ወደ ሲደንሃም ተወሰደ፤ እዚያም ሰፍቶ ተተከለ። ትልቅ ሕንጻ ተፈትቶ እንደሚጓዝ ዓለም በዓይኑ ያየው ያኔ ነው።

የጋራ ልክ አለመኖር የሚያስከፍለውን ዋጋ ያሳየችው ግን ባልቲሞር ናት። በየካቲት 1904 የከተማዋ እምብርት በእሳት ተያያዘ። ከዋሽንግተን፣ ከፊላደልፊያ፣ ከኒውዮርክ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በባቡር እየገሰገሱ ደረሱ። ሰውም ነበር፣ ውሃም ነበር። የብዙዎቹ ጎማ አፍ ግን ከባልቲሞር የውሃ መቅጃ ጋር አልገጥም አለ፤ እያንዳንዱ ከተማ መጋጠሚያውን በየራሱ ልክ አሠርቶ ነበርና። ከ1,500 በላይ ሕንጻዎች ወደሙ። ከዚያ በኋላ ብሔራዊ የመጋጠሚያ ልክ ተበጀ፣ ብዙ ከተሞች ግን ለመቀበል ዓመታት ፈጀባቸው። የጋራ ልክ ማውጣት ቀላሉ ሥራ ነው፤ ባለቤቶችን አሳምኖ የየራሳቸውን ማስጣል ከባዱ ነው። ይህ ችግር እስከ ዛሬ ድረስ ታሪኩን ተከትሎታል።

1908–1950፦ ቤት በካታሎግ፣ ቤት ከፋብሪካ

በ1908 የአሜሪካው ሲርስ ኩባንያ ቤት በካታሎግ መሸጥ ጀመረ። ገዢው ሞዴል ይመርጣል፣ ገንዘብ ይልካል፤ ጣውላው፣ በሩ፣ መስኮቱ፣ ምስማሩና ቀለሙ ከመገጣጠሚያ መጽሐፍ ጋር በባቡር ፉርጎ ይደርሰዋል። እስከ 1940 ድረስ 70,000 ገደማ ቤቶች በዚህ መንገድ ተሸጡ። ሲርስ ከዚህ ሥራ የወጣው በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ገዢዎቹ ብድር መክፈል ስላቃታቸው ነው። ቤቶቹ ግን ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ቆመዋል። ቁራጩ ተራ ጣውላ፣ መጋጠሚያው ተራ ምስማር ስለነበረ የሰፈር አናጺ ሁሉ ይጠግናቸዋል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅትና ከዚያ በኋላ የመጡት ሁለት ሙከራዎች ተቃራኒውን መንገድ ያዙ። ከናዚ ጀርመን የተሰደዱት ኮንራድ ቫክስማንና ዋልተር ግሮፒየስ ጄኔራል ፓነል በተባለ ኩባንያ ተገጣጣሚ ቤት ነደፉ። የቫክስማን የብረት ማያያዣ ግድግዳን ከግድግዳ፣ ከወለልና ከጣሪያ ጋር በመዶሻ ምት ብቻ ያቆላልፋል። እንደ ምሕንድስና ሥራ እጅግ የሚያምር ነገር ነበር። በፓተንት ተጠብቆ፣ በካሊፎርኒያ በዓመት 10,000 ቤት ያመርታል የተባለ ፋብሪካ ተተክሎለት፣ ተሸጦ የወጣው 200 እንኳ የማይሞላ ቤት ነው። ቫክስማን ማያያዣውን ማሻሻሉን ማቆም አልቻለም፤ ገበያው እስኪጠብቀው አልቆየም።

ሁለተኛው ሉስትሮን ነው። ካርል ስትራንድለንድ ከ37 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ የመንግሥት ብድር ወስዶ፣ ኦሃዮ ውስጥ በነበረ የአውሮፕላን ፋብሪካ፣ እንደ ማብሰያ ድስት ኢናሜል የተቀባ የብረት ቤት ሠራ። 2,500 ገደማ ቤቶች ከተመረቱ በኋላ በ1950 ከሠረ። የሉስትሮን ግድግዳ ሉህ ለሌላ ቤት አይሆንም፤ የሌላ ቤት ቁራጭም ለሉስትሮን አይሆንም። ባለቤቶቹ መለዋወጫ የሚያገኙት ከፈረሰ ሌላ ሉስትሮን ብቻ ሆነ። ለእነዚህ ውድቀቶች የገንዘብ እጥረትም፣ የከተሞች ደንብም፣ የግንባታ ማኅበራት ተቃውሞም ምክንያት ናቸው። ሆኖም በራሱ ብቻ የሚገጥም ሥርዓት መጀመሪያውኑ ወዳጅ አልነበረውም ብል አልሳሳትም።

1961–1987፦ ነዋሪው መዶሻ ሲይዝ

አውሮፓ ከጦርነቱ ፍርስራሽ ላይ በሺዎች የሚቆጠር አንድ ዓይነት አፓርታማ ስትደረድር፣ ጆን ሃብራከን የተባለ ሆላንዳዊ አርክቴክት በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ ተቃወመ። ሐሳቡ ቤቱን ለሁለት መክፈል ነበር። ኮለኑ፣ ወለሉ፣ ዋናው የውሃ መስመር የጋራ ነው፣ የሚወስነውም ማኅበረሰቡ ነው። የውስጥ ግድግዳው፣ ወጥ ቤቱ፣ በሩ የነዋሪው ነው፤ ሲፈልግ ያስገባል፣ ሲፈልግ ያወጣል። ዛሬ "ኦፕን ቢልዲንግ" የሚባለው የሕንጻ ትምህርት የመጣው ከዚህ ነው።

በተግባር ያሳየው ሰው ግን ዋልተር ሲጋል ነው፤ ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኔ የማስበልጠውም እሱን ነው። በ1907 በርሊን ተወልዶ በ1936 ለንደን ገባ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሃይጌት የሚገኘው መኖሪያው ፈርሶ እስኪሠራ ቤተሰቡ የሚቆይበት ጊዜያዊ ቤት በጓሮ ተከለ። ለመሠረት ያነጠፈው የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ድንጋይ ብቻ ነው። ግድግዳው፣ ጣውላው፣ ሰሌዳው ሁሉ ከሱቅ በሚሸጥበት ልክ ገባ፤ አንዱንም አልቆረጠም፣ በኋላ ፈትቶ መልሶ ሊሸጠው አስቦ ነበርና። ሁለት ሳምንትና 800 ፓውንድ ገደማ ፈጀ። አዲሱ ቤት አልቆ እንኳ ጊዜያዊው አልፈረሰም፤ ለአሥርት ዓመታት ቆመ።

የሲጋል ብልሃት አዲስ ቁራጭ አለመፈልሰፉ ነው። ሌሎች ቤቱን ነድፈው ቁራጩን በልኩ ያስመርታሉ፤ እሱ ገበያ ላይ ካለው ሰሌዳ ስፋት ተነስቶ ቤቱን ነደፈ። ሲሚንቶ ማቡካት፣ ግንብ ማንሳት፣ ልስን መለሰን የለም። የእንጨቱ አጥንት በብሎን ይታሰራል፣ ሰሌዳው በጣውላ ተይዞ ይቆማል። ሥዕሉም ማንም የሚያነበው ቀላል የእጅ ንድፍ ከዕቃ ዝርዝር ጋር ነበር።

የለንደኑ የሉዊሻም ማዘጋጃ ቤት በ1976 ተዳፋት በመሆናቸው ተቋራጭ የማይፈልጋቸውን ቦታዎች፣ የመንግሥት ቤት ለሚጠብቁ ቤተሰቦች ለመስጠት ወሰነ። ውሳኔው በአንድ ድምፅ ብልጫ እንዳለፈ ይነገራል። ፈቃድና ገንዘብ ለማግኘት ዓመታት ሄዱ። ከዚያ በኋላ ግን መዶሻ ይዘው የማያውቁ ሰዎች፣ ሴቶችም አረጋውያንም ጭምር፣ ቤታቸውን በእጃቸው ሠሩ፤ ሲጋል ያላሰበውን ማሻሻያም እየጨመሩ። ሲጋል በ1985 አረፈ። 13 ቤቶች ያሉበት መንገድ ከሞቱ በኋላ ተጠናቆ በስሙ "ዋልተርስ ዌይ" ተባለ፤ ነዋሪዎቹ ዛሬም ክፍል ይጨምራሉ፣ ግድግዳ ያዛውራሉ።

በ1974 ጣሊያናዊው ዲዛይነር ኤንዞ ማሪ ሚላን ላይ የጠረጴዛ፣ የወንበር፣ የአልጋና የመደርደሪያ ንድፎች አሳየ፤ ሁሉም ከተራ ጣውላና ከምስማር የሚሠሩ ናቸው። የፖስታ ዋጋ ለላከለት ሁሉ ንድፉን በትንሽ መጽሐፍ አድርጎ በነጻ ላከ። ከፋብሪካና ከነጋዴ በቀር ማንም ሰው እንዲሠራቸው ፈቀደ፤ የሠሩትንና ያሻሻሉትንም ፎቶ እንዲልኩለት ጠየቀ። የኦፕን ሶርስ ፈቃድ ከመጻፉ ብዙ ዓመት በፊት የፈቃዱ መንፈስ በዚህች ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጧል።

ሦስት ዓመት ቆይቶ በ1977 ክሪስቶፈር አሌክሳንደርና ባልደረቦቹ ከበርክሌይ 253 የአሠራር ዘይቤዎችን የያዘ ትልቅ መጽሐፍ አወጡ። ከከተማ አቀማመጥ እስከ መስኮት ዳር መቀመጫ ድረስ፣ እያንዳንዱ ዘይቤ ችግሩን ይናገራል፣ መፍትሔውን ያሳያል፣ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም ይጠቁማል። መጽሐፉን በጉጉት ያነበቡት ግን ከአርክቴክቶች ይልቅ የሶፍትዌር ሰዎች ሆኑ።

1983–2002፦ ከኮምፒውተር ክፍል የመጣው ፈቃድ

በ1980 ገደማ በኤምአይቲ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን፣ ወረቀት እየዋጠ ያስቸገረውን ፕሪንተር ለማስተካከል የፕሮግራሙን ምንጭ ቢጠይቅ ተከለከለ። በ1983 ማንም ሊያየው፣ ሊቀይረው፣ ሊያካፍለው የሚችል ሥርዓት እንደሚጽፍ አስታወቀ። በ1989 ያወጣው ጂፒኤል የሚባለው ፈቃድ አንድ ወሳኝ ግዴታ አለው፦ የወሰድከውን ቀይረህ ስታሠራጭ፣ ለሌላው በዚያው ነጻነት አሳልፍ። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው ሊኑክስ በዓመቱ በዚህ ፈቃድ ተለቀቀ፤ "ኦፕን ሶርስ" የሚለው ስያሜ በ1998 ወጣ፤ በ2002 ክሪኤቲቭ ኮመንስ ለጽሑፍ፣ ለሥዕልና ለንድፍ የሚሆኑ ፈቃዶችን አሳተመ።

ዋርድ ከኒንግሃም በ1995 የመጀመሪያውን ዊኪ፣ ማለትም አንባቢው ራሱ የሚያርመውን ድረ ገጽ፣ የከፈተው ፕሮግራመሮች ከአሌክሳንደር የተማሩትን ዓይነት ዘይቤ በጋራ እንዲጽፉበት ነው። ከሕንጻ የወጣው ሐሳብ ፈቃድና የአሠራር ባህል ይዞ ወደ ሕንጻ ለመመለስ የቀረው ኮምፒውተር የሚያዘው ርካሽ መቁረጫ ብቻ ነበር። ኤምአይቲ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያስጀመራቸው ፋብ ላብ የተባሉ ትንንሽ ወርክሾፖች ያንን ወደየአገሩ ወሰዱ።

2003–2016፦ ንድፉ ሲለቀቅ

ማርቺን ያኩቦቭስኪ በፖላንድ ተወልዶ በአሜሪካ የኒውክሌር ውህደት ፊዚክስ ዶክትሬት የያዘ ሰው ነው። በ2003 ኦፕን ሶርስ ኢኮሎጂን መሠረተ፤ ቀጥሎም ሚዙሪ ገጠር ውስጥ ለእርሻ ሰፈረ። የገዛው ትራክተር ተሰበረ፣ አሠራው፣ እንደገና ተሰበረ፣ ገንዘቡም አለቀ። ስለዚህ ራሱ ሠራ፤ ሥዕሉን፣ የዕቃ ዝርዝሩንና ወጪውን በሙሉ ለቀቀው። ትራክተሩ እኩል ርቀት ላይ የተበሱ አራት ማዕዘን ብረቶች በብሎን ተያይዘው የሚቆሙበት ነው። ሞተሩ ራሱን በቻለ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ከትራክተሩ ወጥቶ የአፈር ብሎኬት መጭመቂያውን ያንቀሳቅሳል። ዓላማው አንዲት ትንሽ ከተማ ለመኖር የሚያስፈልጓትን 50 ማሽኖች ነድፎ መልቀቅ ነበር፤ በ2011 ያደረገው ንግግር በዓለም ተሰማ። 50ዎቹ ሁሉ ተሠርተው አላለቁም። በጎ ፈቃደኛ ይመጣል ይሄዳል፣ ሰነድ መጻፍም ማሽን ከመሥራት ይበልጥ ይሰለቻል። የብሎኬት መጭመቂያው ግን እንደሚሠራ ታይቷል።

በዚያው ዘመን ብራሰልስ ላይ ቶማስ ሎሜ ኦፕን ስትራክቸርስ በተባለው ሥራው የ4 በ4 ሴንቲ ሜትር መረብ አወጣ። ንድፍ አውጪዎች ቁራጮቻቸውን በዚያ መረብ ላይ ይሠራሉ፤ አንዱ ለቡና መፍጫ የሠራው ቁራጭ ለሌላው ብስክሌት ይውላል። ከዊትዎርዝ በኋላ ስለ ጋራ ልክ እንዲህ በግልጽ ያሰበ ጥቂት ነው።

ዊኪሃውስ የመጣው በ2011 ነው። አላስቴር ፓርቪንና ኒክ ኢየሮዲያኮኑ የተባሉ የለንደን አርክቴክቶች በኮሪያ ጓንግጁ የዲዛይን ትርኢት ላይ አቀረቡት። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የቤቱን ፋይል ከኢንተርኔት አውርደህ በልክህ ታስተካክላለህ፤ በአካባቢህ ያለ ሲኤንሲ የሚባለው በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ኮምፔንሳቶውን ቁጥር እየሰጠ ይቆርጠዋል፤ ቁራጮቹን በእንጨት መዶሻና በሽብልቅ ታጋጥማለህ። መዶሻው ራሱ ከዚያው ኮምፔንሳቶ ይቆረጣል። የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች ለትርኢት እንጂ ለኑሮ አይሆኑም ነበር፤ ዝናብና ብርድ የሚመልስ ቤት እስኪሆን ብዙ ዓመት ተለፋበት። ስካይላርክ የተባለው የኋላ ሥርዓት ሰው ሊያነሳቸው የሚችሉ፣ ውስጣቸው በሙቀት መከላከያ የተሞላ የእንጨት ብሎኬቶች ናቸው። በእንግሊዝና በሆላንድ ሰዎች በዊኪሃውስ ቤቶች ይኖራሉ።

በቺሊ ደግሞ አሌሃንድሮ አራቬና የሚመራው ኤለመንታል የተባለ የአርክቴክቶች ቢሮ በ2004 ኢኪኬ ከተማ ውስጥ ወደ 100 ለሚጠጉ ቤተሰቦች ግማሽ ቤት ሠራ። መንግሥት ለአንድ ቤተሰብ የሰጠው መሬቱን ጨምሮ 7,500 ዶላር ነበር። በዚያ ገንዘብ ሙሉ ቤት አይወጣም፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ብቻውን ሊሠራው የማይችለው ግማሽ፣ ማለትም አጥንቱ፣ ወጥ ቤቱ፣ መታጠቢያውና ደረጃው ተሠራ። ሌላውን ግማሽ ነዋሪው በአቅሙ ሞላ። ሃብራከን በ1961 የጻፈው እዚህ ላይ ሥጋ ለበሰ። አራቬና በ2016 የፕሪትዝከርን የአርክቴክቸር ሽልማት ሲቀበል ቢሮው የአራት እንዲህ ያሉ ፕሮጀክቶችን ሥዕል በነጻ እንዲወርድ ለቀቀ።

ከ2016 ወዲህ፦ ሥዕል አለ፣ መሬት የለም

ንድፉ ነጻ ከሆነ እነሆ ብዙ ዓመታት አለፉ፤ የዓለም የቤት ችግር ግን አልተፈታም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሥዕል የቤት ወጪ ትንሹ ክፍል ነው። መሬት፣ ብድር፣ የግንባታ ፈቃድና ኢንሹራንስ በነጻ አይወርዱም። ባንኩ ማን ተጠያቂ እንደሚሆን ይጠይቃል፤ ማዘጋጃ ቤቱ የመሐንዲስ ማኅተም ይፈልጋል። ሉዊሻም የተሳካላት መሬቱን ማዘጋጃ ቤቱ ስለሰጠ ነው፤ ኢኪኬም የተሳካላት የመንግሥት ገንዘብ መሬቱንም ስለሸፈነ ነው። ይህን የሚዘነጋ ሰው ፋይል በማውረድ ብቻ ከተማ የሚሠራ ይመስለዋል።

ቁሳቁሱም የአገር ጉዳይ ነው። የዊኪሃውስ ኮምፔንሳቶ ለእንግሊዝ ገበያ ልክ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የሲጋል ጥያቄ ቢጠየቅ፣ ማለትም "ገበያው ላይ በየትኛው ልክ ምን ይሸጣል?" ቢባል፣ መልሱ 40 በ20 ብሎኬት፣ የባሕር ዛፍ አጣና፣ ቆርቆሮና በአንዳንድ አካባቢ ቀርከሃ ነው። ብሎኬቱን በየከተማው ያለ አምራች ሁሉ ያወጣዋል፣ ባለቤትም የለውም። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። የሚጎድለው በዚያ ልክ ታስቦ የተሣለ፣ በየጊዜው የሚያድግ፣ ማንም ወስዶ የሚያሻሽለው ንድፍ ነው።

ስለዚህ አርክቴክቸርና ምሕንድስና ለምትማሩ፣ ለምታስተምሩም ጥያቄ አለኝ። በየዓመቱ በመመረቂያ ሥራ ስም የሚሣሉት ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው ቤቶች መደርደሪያ ላይ አይቅሩ። ሥዕሉን ከነልኩ፣ ከነዕቃ ዝርዝሩና ከነስሌቱ፣ የመጠቀሚያ ፈቃዱን ከላዩ ጽፋችሁ፣ አናጺውና ግንበኛው ሊያነቡት በሚችሉት ቋንቋ አውጡት።